የፋራጂ አንዲት ጣት ውሃ

ከሱብሒ ሶላት መልስ ፋራጂ የሳሌም ልጅ ባለ ጥርሱ ድንጋይ ፊት ይንበረከክና ሌባ ጣቱን በገዛ ቀዳዳው ውስጥ ይከታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቀረም። ድሮ ውሃው ጣቱን ሞልቶ፣ ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሳት ነበር። ያን ዓመት ግን፣ የተምር ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ጥፍሩን እንኳ በወጉ አላረጠበም።

እኛ አገር በረሃ ነው፤ ውሃ ከሰማይ አይጠበቅም። ከአምባው ሆድ ውስጥ፣ የጥንት ሰዎች በእጃቸው በቆፈሩት ዋሻ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚሄድበት መንገድ እየተንፏቀቀ ይመጣል። ፎጋራ እንለዋለን። በየሃያው እርምጃ ከላይ ወደ ዋሻው የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ውሃው መንደሩ አናት ላይ ብቅ ሲል ያ ባለ ጥርስ ድንጋይ ይጠብቀዋል፤ በየጥርሱ መሐል ያለው ክፍተት የአንድ ቤት መብት ነው፤ ከዚያ በየቦዩ ወደየአትክልቱ ይሄዳል። የአንዱ ክፍተት ክንድ ያስገባል፣ የሌላው መዳፍ። የፋራጂ ከሁሉ ያንሳል፤ አንዲት ጣት ብቻ። ግን ከዘሩ በዚያ ድንጋይ ላይ ክፍተት ያለው ሰው ከሱ በፊት ተወልዶ አያውቅም።

ምክንያቱም ፋራጂ ሐራቲን ነው። ሐራቲን ማለት ለአራት መቶ ዓመት ዋሻውን የቆፈሩ፣ የጠረጉ፣ ውስጡም የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ውሃው ግን የሹረፋ ነበር፣ ዘራችን ከነቢዩ ይመዘዛል የሚሉት የነጭ ጥምጣም ባለቤቶች፤ አንዱ ሲሆን ሸሪፍ ይባላል። የፋራጂ አባት ሳሌም አርባ አንደኛው ጉድጓድ ሥር ጣራው ተደርምሶበት ቀረ። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ወጣ። ናዳው በተነሣበት ሰዓት ውሃው ጎርፎ መጣና ሹረፋዎቹ «እንኳን ደስ ያለን» ተባባሉ። ፋራጂ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቃሉን በጆሮው ሰምቶታል። እኔ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እሱንማ ተዉት።

ፈረንሳዮች ከወጡ ከዐሥር ዓመት በኋላ ራዲዮው መሬት ለሚያርሰው ነው ማለት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ዋሻው ተደፈነና የመንደሩ ጉባኤ በመስጊዱ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ፤ ሹረፋ ምንጣፍ ላይ፣ ሐራቲን አሸዋ ላይ። ሊቀመንበሩ ሸሪፍ፣ የፋራጂ እኩያ የሙላይ ጣሂር አባት፣ «ነገ ሃያ ሐራቲን ይውረዱ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ፋራጂ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ከአሸዋው ላይ ተነሣ።

«ውሃው የማን ነው?» አለ።

ወደ ምንጣፉ በእጁ አመለከተ።

«ባለውሃው ይውረድ!»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን በማግስቱ አንድም ሐራቲን አልወረደም፤ በሳምንቱም። ሹረፋው ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ ከፍለው አስጠረጉ፤ የሚያርሰውም ከምርቱ የሚያገኘው ድርሻ ከፍ አለ። ሐራቲን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ላኩ። ያቺ ቃል በየቤቱ እንደ እሹሩሩ ትዘፈን ጀመር። ፋራጂም ራሱ ለሸሪፍ ልጅ ለሙላይ ጣሂር «ሲዲ» ማለቱን፣ ጌታዬ ማለቱን ማለት ነው፣ ተወና በሰው ፊት «አንተ» አለው። ሙላይ ጣሂር ዐሥራ አንድ ዓመት አኮረፈው። ከዚያ ሁለቱም ሸበቱ፤ እኩዮቻቸው አለቁ፤ የሚያወሩት ሰው ሲያጡ ታረቁ።

ፋራጂ ዐሥራ አራት ዓመት ወደ ደቡብ በሚወስደው አስፋልት ሥራ ላይ ድንጋይ ሰብሮ፣ ባገኘው ገንዘብ ከአንዲት ሸሪፍ መበለት ያቺን አንዲት ጣት ገዛ። የውሃ አባቱ፣ ውሃውን ለየቤቱ የሚያካፍለው ሹም፣ መሮውን ይዞ ድንጋዩን ሲቦረቡርለት ቆሞ አለቀሰ። ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፣ ሐጅ ይሄዳል። እሱ ጣቱን የሚከትበት ቀዳዳ ገዛ።

አሁን እሷ ነበረች የምትሞተው።

ልጁ ባርካ መጥቶ ነግሮት ነበር። ባርካ አምባው ላይ፣ ዋሻው ከሚጀምርበት በላይ፣ መንግሥት ባዶ መሬት ላለማ ሁሉ ሲያድል ደርሶት ቲማቲም ያመርታል፤ በኤሌክትሪክ ፓምፕ። እሱን የመሰሉ ስልሳ ሐራቲን አሉ፤ ስልሳ ፓምፕ። ጫማውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ ከአባቱ ፊት ቁጭ አለ።

«አባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ተምሮቹ ደረቁ። እኔ ጋ ይምጡ፤ ውሃ በበርሜል ነው።»

«የሰው ውሃ አልጠጣም።»

«የልጅዎ ውሃ የሰው ነው?»

«ድንጋዩ ላይ ክፍተት የለውም።»

«አባ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ፎጋራዋን የጨረሳት...»

«ናዳ ነው!» አለ ፋራጂ፤ አላስጨረሰውም። «አርባ አንደኛው ጋ ተንዷል። የአምባው ሆድ ሰፊ ነው፤ ያንተ ፓምፕ የት አባቱ ይደርሳል!»

ባርካ ተነሣ። አባቱ ከዋሻ እንዲያመልጥ ያስተማረው ልጅ፣ አባቱን ምን ብሎ ይርታ? ጫማውን አድርጎ ሄደ።

ያን ሰሞን ሙላይ ጣሂር ቤት አንዲት ልጅ ክፍል ተከራይታ ነበር። ወሲላ ትባላለች፤ ከኦራን ዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት፤ ማኅበረሰብ ለምንና እንዴት እንደሚለወጥ የምታጠና። ማስታወሻዋን ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች። አንድ ከሰዓት ፋራጂን ሻይ ላይ አገኘችው። ሙላይ ጣሂር ሻዩን ከፍ አድርጎ እየቀዳ አረፋ ያስነሣል፤ በዚህ በኩል ኩሩ ነው።

«አጎቴ ፋራጂ፣ የእናንተ ማኅበረሰብ ለምን የተለወጠ ይመስልዎታል?»

«ማኅበረሰብ የምትይው እኛን ነው?»

«አዎ።»

«እኛማ አልተለወጥንም፣ አለቅን እንጂ።»

«ጻፊው፣ ጻፊው» አለ ሙላይ ጣሂር። «ይሄ ሰውዬ መቃብር ውስጥም ከመላእክት ጋር ይከራከራል።»

«አንተ ሻይህን ቅዳ። ልጄ፣ እስቲ መጻሕፍቱ ምን ይላሉ?»

ወሲላ ብዕሯን አስቀመጠች። «አንዳንዶቹ ማኅበረሰብ እንደ ሰው ገላ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ብልት የየራሱ ሥራ አለው። አንዱ ሥራውን ካቆመ ሌላው ይታመማል፤ ገላው አዲስ ሚዛን እስኪያገኝ ድረስ።»

«እኛ የዚያ ገላ ምኑ ነበርን?»

አመነታች። «እጁ... ሳይሆን አይቀርም።»

«እጅ ሲበላ አይቼ አላውቅም፤ አፍ ነው የሚበላው።»

ሙላይ ጣሂር ሻዩን ሊያፈስ ነበር በሳቅ። እሷም ሳቀች። «ሌሎቹም እንደርስዎ ነው የሚሉት። ያለውና የሌለው ይጣላሉ፤ ለውጥ የሚመጣው ከጠቡ ነው ይላሉ።»

«ይሄ የሱ ነው!» አለ ሙላይ ጣሂር። «ያኔ ራዲዮው ሲለፈልፈው የነበረው።»

«ሌሎች ደግሞ መሣሪያ ነው ይላሉ፤ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ልማዱም ሕጉም ተከትሎት ይሄዳል።»

ፋራጂ ፊቱ ጠቆረ። ፓምፕ ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል።

«በእኛ አገር ከድሮ ጀምሮ የሚባልም አለ» አለች ቶሎ። «ሰው በአንድነቱ ይቆማል፤ አንድነት ግን በአራት ትውልድ ያልቃል። የመጀመሪያው ይሠራል፣ ሁለተኛው ሲሠራ ያየ ነው፣ ሦስተኛው የሰማ፣ አራተኛው የሚያባክን።»

አሁን ደግሞ አንገቱን የደፋው ሙላይ ጣሂር ነበር። አራት ወንዶች ልጆች አሉት፣ አራቱም አልጄርስ ናቸው፤ ለዒድ እንኳ በስልክ ነው እንኳን አደረሰህ የሚሉት።

«እና እውነቱ የቱ ነው?» አለ ፋራጂ።

«ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው...»

«ልጄ፣ ለፈተና አይደለም የምጠይቅሽ።» ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። «የገደላትን ካወቅሁ የት ሄጄ እንደምለምን አውቃለሁ። ሕመም ከሆነ መድኃኒት እፈልጋለሁ። ጠብ ከሆነ ሽማግሌ እልካለሁ። ማሽን ከሆነ የልጄ እግር ሥር እወድቃለሁ። ትንሽ ትንሽ ከሆነ ግን፣ ማን ዘንድ ልሂድ?»

ወሲላ ብዕሯን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። እኔም ብሆን ማን ዘንድ እንደምልከው አላውቅም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ የኛ መንደር ሰው ደግሞ አላለቀሰም፣ አልላሰም፤ ስልኩን ሲነካካ ነበር።

«ናዳ ነው» አለ ፋራጂ መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «ናዳ ከሆነ በደቦ ይነሣል።» ከሁሉ ምክንያት ሰው ሊያነሣው የሚችለውን መረጠ።

ጁምዓ ዕለት ኢማሙ ከሶላት በኋላ ደቦውን አስታወቁ፤ ቅዳሜ ማለዳ፣ አርባ አንደኛው ጉድጓድ። ፋራጂ በዚህ አላበቃም፤ ቤት ለቤት ዞረ። አንዱ ወገቤን አለ፣ ሌላው ኢንሻአላህ አለ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ኢንሻአላህ እምቢታ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ስልክ መጠገኛው ደጃፍ ወጣቶች ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም የሐራቲን ልጆች፣ ያኔ ከአሸዋው ላይ አብረውት የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጆች።

«ልጆቼ፣ ነገ አንድ ግማሽ ቀን ብቻ» አላቸው።

«አጎቴ ፋራጂ» አለ አንዱ፣ በአክብሮት ብድግ ብሎ፣ «ባለውሃው ይውረድ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ባለውሃው ማነው?»

ተሳሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ልጆቹ በዚያች ቃል ነው ያደጉት፣ በመንደሩም ከሷ የበለጠ የሚኮሩበት ነገር የላቸውም። ፋራጂ ፊቱን አዞረ። እንዳይቆጣቸው ቃሉ የራሱ ነው። እንዳይመርቃቸውም ሆዱ አላስችል አለው። መንገዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስት መቶ ቤት ካለበት መንደር አርባ አንደኛው ጉድጓድ የመጡት ሁለት ናቸው፤ ወሲላና ሙላይ ጣሂር። ሙላይ ጣሂር መቀመጫ ትራስ ይዞ ነበር የመጣው።

«ትራሱ ለማነው?» አለ ፋራጂ።

«ለወገቤ ነዋ።»

«ገመድ ያዥ አይቀመጥም። ፊቱንም ከጉድጓዱ አያዞርም። አባትህ አልነገረህም?»

«አባቴ ገመድ ይዞ ያውቃል እንዴ?» አለ ሙላይ ጣሂር፤ ትራሱን ወረወረውና ገመዱን በመዳፉ ጠመጠመ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

«አንድ ጊዜ ብስብ ልቀቅ። ሁለት ጊዜ ብስብ ቅርጫቱን ሳብ። ሦስት ጊዜ ብስብ እኔን። የሕፃን እጅ ነው ያለህ፣ እንዳትጥለኝ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ስመኘው ነበር፤ አሁን አልጥልህም።»

ፋራጂ እንደ ሐራቲን ወግ የእናቱን ስም ሦስት ጊዜ ጠርቶ ወረደ። የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ እግሩ ግን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ያሉትን መርገጫዎች አልረሳም። ታች ደርሶ ፋኖሱን ከፍ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይኛው፣ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ተራመደ። ሠላሳ እርምጃ አልሄደም። ከፊቱ የአፈርና የድንጋይ ክምር ዋሻውን ሞልቶታል።

«ናዳ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ናዳ ነው! ሙላይ፣ ትሰማለህ? አልዋሸሁም!»

ከላይ የወሲላ የደስታ ጩኸት ተሰማ። ፋራጂ አባቱ በሞተበት ዋሻ ውስጥ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ቆፈረ። ቅርጫት በቅርጫት ላይ ሲሞላ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሲስብ፣ ቅርጫቱ ባዶውን ሲመለስ ረፋዱ አለፈ። ውሃዋን ያናግራት ነበር፤ «ቆይ፣ ደረስኩልሽ፣ እዚያ ጀርባው ተጠራቅመሽ ታፍነሻል፣ አውቃለሁ» እያለ። የናዳ ጀርባ ውሃ ሲለቀቅ ሰው ይዞ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ የገመዱን ትርፍ ጫፍ ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረ። ተይዞ ቢሄድም ግድ አልነበረውም፤ ብቻ ትምጣ።

እኩለ ቀን ገደማ መቆፈሪያው ባዶ ነገር ወጋ። ቀዳዳው የእጅ ያህል ነበር። ፋራጂ ዐይኑን ጨፍኖ ጎርፉን ጠበቀ።

አልመጣም።

እጁን አስገባ። የነካው አየር ነው፤ ሞቃት፣ ደረቅ አየር። ቀዳዳውን አስፍቶ ፋኖሱን አሾለከ። ወዲያ ያለው ዋሻ ንጹሕ ነበር፤ አባቱና የአባቱ ጓደኞች እንደጠረጉት። መሬቱ ላይ ሌባ ጣቱን ሰካ። አሸዋው አቧራ ሆኖ ተመለሰ፤ እርጥበት የሚባል የለውም። ናዳው አንድም ጠብታ አላገተም ነበር። የሚያግተውም አልነበረም። ድንጋዩ ላይ ይደርስ የነበረው ጠብ ጠብም ከናዳው ወዲህ ካለው ግድግዳ የሚያልብ ላብ ነው፤ እሱም ደርቋል።

ፋራጂ ተቀመጠ። ባርካ ሊለው ጀምሮ እሱ ያላስጨረሰው ነገር አሁን አለቀ። አምባው ላይ ስልሳ ፓምፕ አለ፤ በስልሳው ፓምፕ ስልሳ ነጻ ሰዎች የገዛ መሬታቸውን ያጠጣሉ፤ ከነሱ አንዱ ልጁ ነው። የት ሄዶ ይለምን? ማንን በዳይ ይበል? ጣራው ከላዩ ጠጠር ያራግፋል። አባቴ እዚህ ነው የቀረው፣ እኔስ ብቀር ምን ይጎድላል ብሎ አሰበ፤ አስቦም ደስ አለው። ፋኖሱን አጠፋ።

ከላይ ሙላይ ጣሂር ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ገመዱ አልተንቀሳቀሰም። ጎንበስ ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ገመዱን ሳበ፤ እንደ ድንጋይ ከበደው።

«ፋራጂ! አንተ ፋራጂ!»

ምንም።

«ፋራጂ፣ በአላህ! ሲዲ! ሲዲ ፋራጂ፣ ይውጡ! እለምንዎታለሁ ይውጡ!»

የሹረፋ ልጅ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ጉድጓድ አፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ የሐራቲንን ልጅ «ሲዲ» እያለ አለቀሰ። ቃሉ በጨለማው ውስጥ ወርዶ ፋራጂን አገኘው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልስማው ብሎ ያልተመኘው ቃል ነው፤ አሁን ሲሰማው አፈረ። ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበ።

ሲወጣ፣ ከሙላይ ጣሂር ጋር ገመዱን የሳበችው የወሲላ መዳፍ ተልጦ ይደማ ነበር። ማስታወሻዋ ትራሱ አጠገብ ወድቋል፤ አላነሣችውም።

«ደረቅ ነው» አላቸው።

ሙላይ ጣሂር ገመዱን እየጠቀለለ ጠየቀው፤ ቀስ ብሎ፣ ያለ ነገር። «ያን ቀን ጉባኤው ላይ ዝም ብትል ኖሮስ?»

ፋራጂ ወደ አምባው አየ። «ዝም ብል ኖሮ ውሃው ይኖር ነበር» አለ። «ባርካም ዛሬ እኔ ከወጣሁበት ጉድጓድ ውስጥ ይሆን ነበር።»

«አይቆጭህም?»

«ያንገበግበኛል እንጂ! አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ግን ነገም ጉባኤ ቢጠራ ተነሥቼ ያንኑ ነው የምለው። እሱ ነው የገደለኝ፣ ሙላይ። ያንኑ ነው የምለው።» ከዚያ ፊቱን በአፈር ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ የሚያባብለውም አልተገኘም።

ወግ አለን። የአንድ ሰው ውሃ ሲሞት ባለቤቱ ክፍተቱን በገዛ እጁ በጭቃ ይደፍናል፤ ሬሳ ሳይቀበር እንደማያድር ሁሉ ክፍተትም ተከፍቶ አያድርም። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ፋራጂ ባለ ጥርሱ ድንጋይ ፊት ተንበረከከ። ሸክላ አፈር በእፍኙ ይዟል። ጭቃው በራሷ በሟቿ ውሃ ነው የሚቦካው፤ እሷ ግን አፈር የሚያርስ ጠብታ እንኳ አልተወችም። ምራቁን ሊተፋበት ሞከረ፤ አፉም ደረቅ ነበር። አፈሩን እንደያዘ ቀረ።

የባርካ መኪና የመጣው ያኔ ነው። ወሲላ ደውላለት ኖሯል። ባርካ ከፓምፑ የሞላውን ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ወረደ፤ አባቱን፣ አፈሩን፣ ክፍተቱን አየ፤ ነገሩ ገባው። ጀሪካኑን አሸዋው ላይ አቁሞ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አፍስስም አላፍስስም አላለም።

ፋራጂ አፈሩን በጣቶቹ አደቀቀ። በመጨረሻ እፍኙን ዘረጋ። ባርካ ቀስ አድርጎ አፈሰሰለት። ፋራጂ በልጁ ውሃ ጭቃውን አቦካ፣ በሌባ ጣቱ ወደ ክፍተቱ ገፋው፣ በአውራ ጣቱ ለሰነው። ከዚያ እጁን ታጠበና እፍኙን እንደገና ዘረጋ። ከማለዳ ጀምሮ ሲቆፍር ነው የዋለው፤ ጠምቶታል። ባርካ ሞላለት፤ ጠጣው።